የጎደለ ጥርስ በምን ይተካ? ብሪጅ፣ ኢምፕላንት፣ ዴንቸር ወይስ ዝም ብሎ መተው

ሰው ጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ እንደምሰራ ሲሰማ የመጀመሪያ ጥያቄው ያው ነው፣ «ኢምፕላንት ይሻላል ወይስ ብሪጅ?» ሀኪሙ ልኬት ወስዶ ይልክልናል፣ ክራውኑን (ጥርስ ላይ የሚጠለቀውን ሽፋን)፣ ብሪጁን (ከጎረቤት ጥርሶች ጋር የሚያያዘውን ምትክ)፣ ዴንቸሩን (የሚወልቀውን ጥርስ)፣ አጥንት ውስጥ በሚተከለው ብሎን ማለትም በኢምፕላንት ላይ የሚታሰረውንም የምንሰራው እኛ ነን፣ ስለዚህ ቁርጥ ያለ መልስ በኪሴ ይዤ የምዞር ይመስላቸዋል። የለኝም፣ መልሱ እንደየሰዉ አፍ ስለሆነ። ግን አንድ ነገር ከማንም በላይ አያለሁ፣ ተበላሽቶ የሚመለሰውን። መሃል ለመሃል የተሰበረ ዴንቸር አለ፣ ፖርሰሊኑ የተላጠ ክራውን አለ፣ ውስጡ ያለው ጥርስ በስብሶ አብሮት የወጣ ብሪጅ አለ፣ ይሄን ሲያዩ መዋል ስለ ምርጫው የሚያስቡበትን መንገድ ይቀይራል።

እና በኔ አስተያየት የቱ ያምራል፣ የቱ ብዙ ይቆያል ከሚለው በፊት መጠየቅ ያለበት «ይሄ ነገር አንድ ቀን ሲበላሽ አፌ ውስጥ ምን ይተርፈኛል?» የሚለው ነው። ሁሉም አንድ ቀን ይበላሻል እኮ፣ «ዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚላችሁ ካለ ማስታወቂያ ነው። አንዱ ሲበላሽ አውጥታችሁ በሌላ ትተኩታላችሁ፣ ሌላው ደግሞ ሲሄድ ሁለት ጤነኛ የነበሩ ጥርሶች ይዞባችሁ ይሄዳል።

መጀመሪያ ለምን ወለቀ?

ይሄን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ክፍተቱን መሙላት ላይ ብቻ ነው ሀሳቡ። አዋቂ ሰው ጥርስ የሚያጣው በዋናነት በሁለት ነገር ነው፣ በመቦርቦር እና በድድ በሽታ። መቦርቦሩ ቢያንስ ያማል፣ ስለዚህ ወደ ሀኪም ይወስዳል። የድድ በሽታ ግን ተንኮለኛ ነው፣ ሲቦርሹ ትንሽ ይደማል፣ አፍ ይሸታል፣ አያምም፣ ስለማያም ደግሞ ማንም አይሄድም፣ አጥንቱ ከስር እያለቀ ከርሞ ጥርሱ መነቃነቅ ሲጀምር ነው «ምን ነካው» የሚባለው። ሲጋራ የሚያጨስ እና ስኳሩን ያልተቆጣጠረ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ከዚህ ሌላ ሩት ካናል (የጥርሱ ነርቭ ወጥቶ ውስጡ የሚሞላበት ህክምና) ተሰርቶለት ክራውን ያልተደረገለት የኋላ ጥርስ ተሰንጥቆ መውጣቱ በጣም የተለመደ ነው (ሩት ካናሉን አሰርተው «ህመሙ ጠፋ» ብለው የቀሩ ሰዎች ይሄን አንብቡ)፣ አደጋም አለ።

ምክንያቱ ለምን አስፈለገ ብትሉ፣ ጥርሱን ያጠፋው ነገር ምትኩንም ስለሚያጠፋ ነው። የድድ በሽታ ሳይታከም ኢምፕላንት መትከል ማለት ያው በሽታ ተመልሶ የኢምፕላንቱን አጥንት እንዲበላ መንገድ መክፈት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ድድ ይታከም፣ ታርታሩ (ጥርስ ላይ የጠጠረው ቆሻሻ) ይነሳ፣ የተቦረቦረው ይሞላ፣ ከዛ ስለ ምትክ ይወራ። በነገራችን ላይ ጥርስ ማጣት የጥቂት ሰው ችግር አይደለም፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት ላይ 20 ዓመት እና ከዛ በላይ ከሆናቸው ሰዎች ወደ 7 በመቶ የሚጠጉት፣ 60 ዓመት እና ከዛ በላይ ከሆናቸው ደግሞ 23 በመቶ የሚሆኑት ሁሉንም ጥርሳቸውን ያጡ ናቸው ይላል። ሁሉንም ነው እንግዲህ፣ አንድ ሁለት የጎደለበትን ሳይጨምር።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፣ ጥርሱ በአደጋ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ከወጣና የአዋቂ ጥርስ ከሆነ አትጣሉት። ስሩን ሳትነኩ ከላይ ያዙት፣ ከቆሸሸ ለአፍታ ብቻ አለቅልቁት፣ አትፈግፍጉት፣ ቦታው ላይ መልሱት፣ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ በግማሽ ሰዓት ቢበዛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሀኪም ጋር ድረሱ። ተመልሶ የመያዝ ዕድል አለው፣ ከራስ ጥርስ የሚበልጥ ምትክ ደግሞ የለም።

ጥርሱ ሲወጣ አጥንቱም ይሄዳል

ጥርስን የሚይዘው የመንጋጋ አጥንት ጥርስ ስላለ ነው ያለው፣ ጥርሱ ሲወጣ መሟሸሽ ይጀምራል። አንድ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ብቻ የአጥንቱ ውፍረት እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል፣ አብዛኛው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው የሚሄደው። ጎረቤት ጥርሶቹ ወደ ክፍተቱ ይጋደማሉ፣ ከላይ ትይዩ የነበረው ጥርስ የሚያርፍበት ሲያጣ ቀስ እያለ ይወርዳል። እኛ ጋ የሚመጣው የጀሶ ሞዴል ላይ በደንብ ይታያል፣ ክፍተቱ ከስር የአንድ ሙሉ ጥርስ ስፋት የነበረው ከላይ ግማሽ ጥርስ እንኳን አያስገባም፣ የላይኛው ጥርስ ደግሞ ቁልቁል ወርዶ ድዱን ሊነካ ምንም አይቀረውም። እዛ ላይ ምንም ቆንጆ ስራ መስራት አይቻልም፣ ወይ የወረደው ጥርስ ይሞረዳል ወይ በብሬስ (በጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለዚህ ስለ ምትክ መነጋገር የሚገባው ጥርሱ ከመነቀሉ በፊት ነው። «ኢምፕላንት ልተክል አስባለሁ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ከነገራችሁት ሀኪሙ አጥንቱን ሳይሰብር ቀስ አድርጎ ይነቅላል፣ ካስፈለገ ጉድጓዱ ውስጥ የአጥንት መሙያ ይጨምራል፣ ወይም ሁኔታው ከፈቀደ ያኔውኑ ይተክላል። ዓመት ቆይቶ የመጣ ሰው ግን አጥንት የማስጨመር ሌላ ቀዶ ጥገና ሊጠብቀው ይችላል።

መተውም ምርጫ ነው

ይሄን ክሊኒክ ውስጥ ላይነግሯችሁ ይችላሉ። ሁሉም ክፍተት መሞላት የለበትም። ካይሰር የሚባል የሆላንድ የጥርስ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት የኋላ መንጋጋ ጥርሶች ባይኖሩም ከፊት እስከ ትንንሾቹ መንጋጋ ጥርሶች ድረስ ወደ 20 የሚሆን፣ ላይና ታች የሚገጥም ጥርስ ያለው ሰው በደንብ ማኘክ እንደሚችል አሳይቷል። ጃፓኖችም እ.ኤ.አ. በ1989 «8020» የሚል ዘመቻ ጀምረው ነበር፣ በ80 ዓመት 20 የራስ ጥርስ ይዞ መገኘት ማለት ነው፣ 28 ወይም 32 አላሉም።

እንግዲህ የወለቀው የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ከሆነ፣ ከፊቱ ያሉት ደህና ከሆኑ፣ ትይዩው ያለው ጥርስም በከፊል የሚያርፍበት ሌላ ጥርስ ካለው፣ መተው ሰነፍነት አይደለም፣ ልክ የሆነ ውሳኔ ነው። ግን በየጊዜው መታየት አለበት፣ የላይኛው መውረድ ከጀመረ ያኔ ይታሰብበታል። ክፍተቱ መሃል ላይ ከሆነ እና ሰውየው ወጣት ከሆነ ግን መተውን አልመክርም፣ ከላይ የነገርኳችሁ መጋደም ገና ብዙ ዓመት አለው።

የሚወልቅ ጥርስ

ዴንቸር ሲባል ሰው የአያቱን ብርጭቆ ውስጥ ያለ ጥርስ ነው የሚያስበው፣ ግን ጥቂት ጥርስ ብቻ ለጎደለበትም ከፊል ዴንቸር አለ። ትልቁ ጥቅሙ ምንም አይቆረጥም፣ ምንም አይሞረድም፣ ነገ ሀሳባችሁን ብትቀይሩ ያለውን አፍ እንዳለ ይዛችሁ ወደ ሌላ መሄድ ትችላላችሁ። ሌላ ጥርስ ከተነቀለም ብዙ ጊዜ እዛው ላይ ይጨመርበታል። በዋጋም ከሁሉም ቀላሉ ነው።

ሶስት ዓይነት ነው ባጭሩ። አክሪሊክ የሚባለው ሮዝ ፕላስቲኩ ነው፣ ቶሎ ይሰራል፣ ለመጠገን ቀላል ነው፣ ግን ወፍራም ነው፣ ክብደቱን የሚያሳርፈው ድድ ላይ ስለሆነ ሲቆይ ይሰምጣል፣ ድዱን እየገፋ የቀሩትን ጥርሶች ስር ያራቁታል። ስለዚህ ኢምፕላንቱ ወይም ብሪጁ እስኪደርስ ለጊዜው ከሆነ ጥሩ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ሲደረግ ግን አይመቸኝም። ክሮም ኮባልት የሚባለው ከብረት የሚሰራው ቀጭን ነው፣ ጥርሶቹ ላይ የሚያርፍበት ትንንሽ መደገፊያ ስላለው ድዱን አይጫንም፣ ከላንቃ ላይም ትንሽ ቦታ ነው የሚሸፍነው፣ በደንብ ከተነደፈ ዓመታት ይሄዳል። ጉዱ ሽቦው ሲስቁ ሊታይ ይችላል። ሶስተኛው ተጣጣፊው ናይለን ነው፣ ሽቦ የለውም፣ መያዣው ራሱ የድድ ቀለም ስለሆነ አፍ ውስጥ አይታወቅም፣ በዚህ የተነሳ ሁሉም እሱን ይፈልጋል። ስትገዙት ያማረው ነገር እኛ ጋ ሲመለስ ሌላ ነው፣ ሲሰበር መጠገን አስቸጋሪ ነው፣ ድዱ ሲቀንስ ውስጡን መሙላት አይመችም፣ ላዩ ሲሻክር መልሶ ማለስለስ ያስቸግራል፣ ቀለም ይይዛል። እንደገና መስራት ነው የሚሆነው ብዙ ጊዜ። አንድ ሁለት የፊት ጥርስ ለጎደለበት እና ብረት የማይስማማው ሰው ይሆናል፣ ብዙ የኋላ ጥርስ ለጎደለበት ግን ሲታኘክበት ይታጠፋል።

አያያዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ግማሹ የሚሰበረው እዚህ ላይ ስለሆነ። ዴንቸር የሚሰበረው ሲታኘክበት ብቻ ይመስላል አይደል? ብዙው የሚመጣልን ግን ሲታጠብ በሳሙና ከእጅ አምልጦ መታጠቢያው ላይ ወድቆ ነው። ስታጥቡ መታጠቢያውን ውሃ ሙሉት ወይም ፎጣ አንጥፉበት፣ በቃ። በለስላሳ ብሩሽ እና በቀላል ሳሙና እጠቡት፣ በጥርስ ሳሙና አይደለም፣ የጥርስ ሳሙና ይፍቀዋል፣ የተፋቀው ላይ ደግሞ ፈንገስ ይመሽጋል። ሙቅ ውሃ አትጨምሩበት፣ ይጣመማል። ማታ አውልቁት፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። ሌሊቱን ሙሉ የሚያደርጉት ሰዎች ላንቃቸው በፈንገስ ቀልቶ ይመጣሉ፣ ጃፓን ውስጥ ዕድሜያቸው ከ85 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተሰራ ጥናት ደግሞ ዴንቸር አድርገው የሚተኙት በሳንባ ምች የመያዝ አደጋቸው ወደ ሁለት እጥፍ ነበር። ማጣበቂያ የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ ዚንክ ያለበትን በብዛት ለብዙ ጊዜ አትጠቀሙ፣ ከመጠን ያለፈ ዚንክ በሰውነት ውስጥ ያለውን መዳብ አሳጥቶ ነርቭ ይጎዳል። ሲጀመር ብዙ ማጣበቂያ ካስፈለገው ዴንቸሩ ሰፍቷል ማለት ነው፣ ውስጡ ይሞላ ወይም እንደገና ይሰራ።

ብሪጅ

ብሪጅ ማለት የጎደለውን ጥርስ ግራና ቀኝ ካሉት ጥርሶች ጋር አያይዞ አንድ ወጥ አድርጎ መስራት ነው። አይወልቅም፣ እንደ ራስ ጥርስ ይሰማል፣ ቀዶ ጥገና የለውም፣ ሁለት ሶስት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። ጥሩ ነገሩ ይሄ ነው፣ ብዙ ሰውም ለዚህ ነው የሚመርጠው።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። ክራውን ሊገባባቸው ጎረቤት ጥርሶቹ ዙሪያቸውን ይሞረዳሉ፣ እንደ ክራውኑ ዓይነት ከሚታየው የጥርሱ ክፍል ከግማሽ በላይ ሊሄድ ይችላል። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። አንዳንዱ ነርቩ በኋላ ሞቶ ሩት ካናል ይፈልጋል። ጥናቶች ሲሰበሰቡ ከ100 ብሪጅ 10 ዓመት ላይ ወደ 89 የሚሆነው አፍ ውስጥ ይገኛል፣ መጥፎ ቁጥር አይደለም፣ ግን የቀሩት እንዴት እንደወደቁ ነው ወሳኙ። በብዛት ከክራውኑ ጠርዝ ስር ይቦረቦራል፣ ከላይ ስለተሸፈነ አይታይም፣ ነርቩ ከወጣ ደግሞ አያምም፣ ከዛ አንድ ቀን ብሪጁ ይነቃነቃል፣ ሲወጣ ውስጡ የጠቆረ የጥርስ ጉቶ አብሮ ይወጣል። አንድ ጥርስ ለመተካት ተብሎ ሶስት ጥርስ ጎደለ ማለት ነው። ይሄን የመሰለ ብሪጅ ጠረጴዛዬ ላይ ባየሁ ቁጥር ያናድደኛል፣ በተለይ ጎረቤቶቹ ንጹህ እንደነበሩ የድሮው ሞዴል ላይ ሳይ።

እና ብሪጅ መጥፎ ነው? አይደለም! ጎረቤት ጥርሶቹ ቀድመው ክራውን ያላቸው ወይም ትልልቅ ሙሌት ያለባቸው ከሆነ፣ እነሱም ለማንኛውም ክራውን የሚፈልጉ ከሆነ፣ ብሪጅ በጣም ጥሩ ምርጫ ነው፣ ምንም የሚያሳጣችሁ ነገር የለም። ንጹህ ያልተነካ ጥርስ ሞርዶ መስራት ላይ ነው እኔ የማመነታው።

ለፊት ጥርስ ደግሞ ሜሪላንድ ብሪጅ የሚባል አለ፣ አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ስለተሰራ ነው ስሙ። ጎረቤቱን ምንም ያህል አይሞርድም፣ ከኋላ በኩል በምትለጠፍ ስስ ክንፍ ብቻ ይያዛል። የሚገርመው በሁለት ጎን ከሚለጠፈው ባንድ ጎን ብቻ የሚለጠፈው ፊት ላይ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፣ ሁለት ጥርስ ለየብቻ ስለሚንቀሳቀስ ባንዱ በኩል ሳይታወቅ ይለቅና ከስሩ ይቦረቦራል፣ ባለ አንድ ክንፉ ግን ከለቀቀ ለቀቀ ነው፣ እጃችሁ ላይ ይወድቃል፣ ተመልሶ ይለጠፋል። ሲበላሽ ምንም የማያሳጣ ማለት ይሄ ነው፣ ከማውቃቸው ስራዎች ሁሉ ሳይገባው የተረሳ ይመስለኛል። ጥርስ አጥብቆ የሚያፋጭ ሰው እና የሚነክስበት ቦታ ጠባብ የሆነ ሰው ላይ ግን አይሆንም።

ብሪጅ ያላችሁ፣ ስሩን ማጽዳት አትርሱ። ተራ ፍሎስ (የጥርስ መሃል ማጽጃ ክር) አያልፍም፣ ጫፉ ደረቅ የሆነ የብሪጅ ፍሎስ ወይም ትንሿ የጥርስ መሃል ብሩሽ ያስፈልጋል።

ኢምፕላንት

ኢምፕላንት ከቲታኒየም የተሰራ ብሎን ነው፣ ውፍረቱ በብዛት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር፣ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ ከዛ ላዩ ላይ ክራውን ይታሰራል። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚጣበቅ ያወቀው ብሮኔማርክ የሚባል ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው፣ በ1950ዎቹ ጥንቸል እግር ውስጥ ለሌላ ጥናት ያስገባውን የቲታኒየም መሳሪያ ሊያወጣ ሲል እምቢ አለው። የመጀመሪያውን ሰው እ.ኤ.አ. በ1965 ሰራለት፣ ታካሚው እስኪሞት ድረስ ከ40 ዓመት በላይ ሲጠቀምበት ኖሯል።

በጥያቄዬ ስመዝነው ኢምፕላንት የሚያሸንፈው ለብቻው ስለሚቆም ነው። ጎረቤት አይነካም፣ ራሱ አይቦረቦርም፣ አጥንቱንም በደንብ ያቆያል። ከ100 ኢምፕላንት 10 ዓመት ላይ ወደ 95 የሚሆነው ቦታው ላይ አለ። ከላይ ያለው ክራውን ቢሰበር ክራውኑ ይቀየራል፣ ብሎኑ ይቀራል። ራሱ ብሎኑ ከወደቀ ግን የሚያጡት አጥንት ነው፣ እንደገና ለመትከል አጥንት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል፣ ይሄን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

ማስታወቂያ ላይ የማይወራው ጊዜው ነው። ሲቲ ስካን ይነሳል፣ ይተከላል፣ በብዛት ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፣ ከዛ ልኬት፣ ከዛ ክራውን። አጥንት መጨመር ካለ ሌላ ወራት። ወዲያው ጥርስ የሚታሰርበት አሰራር አለ፣ ለሁሉም ግን አይሆንም፣ ብሎኑ ሲገባ ጥብቅ ብሎ መያዝ አለበት። የታችኛው መንጋጋ ውስጥ የሚያልፍ የከንፈር ነርቭ አለ፣ ከተነካ ከንፈር ይደነዝዛል፣ የላይኛው የኋላ ክፍል ላይ ደግሞ ሳይነስ (ከአፍንጫ ጎን ያለ በአየር የተሞላ ክፍት ቦታ) አለ፣ አጥንቱ እዛ ጋ ስስ ነው። ስለዚህ ያለ ሲቲ ስካን በተራ ራጅ ብቻ ልትከልልህ የሚል ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁ።

ለማን አይሆንም ወይም ጥንቃቄ ይፈልጋል? የሚያጨስ ሰው ላይ የመክሸፍ ዕድሉ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ስኳሩ ከተስተካከለ ግን ብዙ ጊዜ ችግር የለም፣ ስኳር ስላለብኝ አይቻልም የሚሉ ብዙ ናቸው ተሳስተው። ለአጥንት መሳሳት ወይም ለካንሰር እንደ አሌንድሮኔት፣ ዞሌድሮኒክ አሲድ፣ ዴኖሱማብ ያሉ መድሃኒቶች የሚወስዱ ወይም ከዚህ በፊት የወሰዱ ሰዎች ለሀኪሙ ሳይናገሩ ጥርስ ማስነቀልም ማስተከልም የለባቸውም፣ የመንጋጋ አጥንት ሊሞት ይችላል። መንጋጋው ላይ የጨረር ህክምና የወሰደም እንደዛው። ዕድገቱን ያልጨረሰ ልጅ ላይም አይተከልም፣ መንጋጋው ሲያድግ ብሎኑ አብሮት ስለማይሄድ ጥርሱ ከሌሎቹ አጥሮ ይቀራል።

ትልቁ ጠላቱ የኢምፕላንት ዙሪያ የድድ በሽታ ነው። የራስ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር የሚያገናኘው ስስ ጅማት አለው፣ ኢምፕላንት ያ የለውም፣ ብዙም አያምም፣ አጥንቱ በጸጥታ ያልቃል። ስለዚህ «አይቦረቦርም» ሲሏችሁ «አይቦረሽም» ብላችሁ እንዳትሰሙት!

አንድ የላብራቶሪ ሰው ምክር ልጨምር፣ ከተቻለ ክራውኑ በሲሚንቶ (በጥርስ ማጣበቂያ) ሳይሆን በብሎን የሚታሰር ይሁንላችሁ። በሲሚንቶ ሲለጠፍ ትርፉ ድድ ውስጥ ገብቶ ይቀርና ድዱን ያስቆጣል፣ ማንም አያየውም። በብሎን የታሰረ ግን ፖርሰሊኑ ቢላጥ ሀኪሙ ይፈታዋል፣ ይልክልናል፣ ጠግነን እንመልሳለን። ሁሉም ቦታ ላይ አይመችም፣ የፊት ጥርስ ላይ ቀዳዳው በፊት በኩል ሊወጣ ይችላል፣ ግን መጠየቁ አይጎዳም።

ሁሉም ጥርስ ላለቀበት

የላይኛው ሙሉ ዴንቸር ላንቃውን ሸፍኖ ስለሚጣበቅ ብዙ ሰው ይለምደዋል። የታችኛው ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ የሚቀመጥበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስ ይገፋዋል፣ አጥንቱ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። በሙሉ ዴንቸር የሚታኘክበት ጉልበት ከራስ ጥርስ ወደ ሩብ ወይም ከዛ በታች ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 ቃለ መሃላ ሲፈጽም አንድ የራሱ ጥርስ ብቻ ነበር የቀረው፣ ዴንቸሮቹ ከእንጨት ነበሩ የሚባለው ወሬ ደግሞ ውሸት ነው፣ ከጉማሬ ጥርስ፣ ከሰው ጥርስ እና ከብረት ነበር የተሰሩት፣ ላይና ታቹም በሞላ (ስፕሪንግ) የተያያዙ ነበሩ። ከዛ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፣ የታችኛው ዴንቸር ግን አሁንም ያስለቅሳል።

ለዚህ ነው ታች ላይ ሁለት ኢምፕላንት ብቻ ተክሎ ዴንቸሩን እንደ ቁልፍ እላያቸው ላይ ማስገጠም የሚመከረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ካናዳ ውስጥ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሁሉም ጥርስ ላለቀበት የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያው ምርጫ ይሄ መሆን አለበት ብለው ተስማምተዋል። ይወልቃል፣ ይታጠባል፣ ግን ሲያወሩ አይዘልም። ውስጡ ያለችው ላስቲክ በየጊዜው ትላላለች፣ መቀየሯ የደቂቃ ስራ ነው። ሙሉ መንጋጋ በአራት ኢምፕላንት ላይ የሚታሰረው የማይወልቀው ደግሞ እንደ ራስ ጥርስ ይመቻል፣ ዋጋው ከባድ ነው፣ ከአራቱ አንዱ ከወደቀም ሙሉ ስራው አደጋ ላይ ነው፣ ስሩን ማጽዳትም ጎበዝ እጅ ይፈልጋል። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ ወይም በሌላ ሰው ለሚታገዙ ትልልቅ ሰዎች እኔ የሚወልቀውን ነው የምመርጠው፣ የሚያስታምማቸው ሰው አውልቆ ሊያጥበው ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሊድኑ የሚችሉ ጥርሶችን «ሁሉንም ነቅለን በአራት እንሰራልሃለን» የሚል ሀሳብ ከመጣላችሁ ሌላ ሀኪም ሳያይ እሺ እንዳትሉ። የተነቀለ አይመለስም።

እና እኔስ የቱን ልምረጥ?

እንዲህ እንየው። አንድ የኋላ ጥርስ የጎደለበት፣ ጎረቤቶቹ ንጹህ የሆኑ፣ የማያጨስ ሰው ከሆናችሁ እና አቅም ካለ ኢምፕላንት። ጎረቤቶቹ ክራውን ካላቸው ወይም በሙሌት የተጨናነቁ ከሆነ ብሪጅ፣ ያውም ያለ ብዙ ማሰብ። የፊት ጥርስ የጎደለው ወጣት፣ ዕድገቱን ያልጨረሰ፣ ሜሪላንድ ብሪጅ፣ ካልሆነ ለጊዜው ከፊል ዴንቸር፣ አንዳንዴ ደግሞ ክፍተቱን በብሬስ ስቦ መዝጋት ይቻላል። ከግራም ከቀኝም ብዙ ጥርስ የጎደለበት ክሮም ዴንቸር ወይም ጥቂት ኢምፕላንት ላይ የሚያርፍ ብሪጅ። ድዱ የሚደማ እና ሌሎቹም ጥርሶቹ የሚነቃነቁ ከሆነ አሁን ምንም ቋሚ ነገር አያሰራ፣ ድዱን ያሳክምና የትኞቹ ጥርሶች እንደሚተርፉ ይታወቅ፣ እስከዛ አክሪሊክ ይበቃዋል። ገንዘብ ካጠረ ደግሞ ንጹህ ጥርስ አስሞርዶ ብሪጅ ከማሰራት ለጊዜው ዴንቸር አድርጎ መቆየት ይሻላል ባይ ነኝ፣ ብዙ ሀኪም በዚህ ላይስማማ ይችላል፣ ዴንቸር የማይለምዱ ሰዎች እንዳሉም አውቃለሁ።

ሀኪሙ ጋ ስትሄዱ የምትወስዷቸውን መድሃኒቶች ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ጥርሱ መትረፍ ይችል እንደሆነ ጠይቁ፣ ጎረቤቶቹ ምን ያህል እንደሚሞረዱ ጠይቁ፣ ይሄ ስራ ቢበላሽ ቀጣዩ አማራጭ ምንድነው በሉት፣ ይሄን ጥያቄ ተረጋግቶ የሚመልስ ሀኪም ጥሩ ሀኪም ነው። ማታ ጥርስ የምታፋጩ ከሆነ ንገሩት፣ የምሽት መከላከያ ፕላስቲክ ይሰራላችኋል። ኢምፕላንት ካስተከላችሁ ደግሞ የአምራቹን ስም፣ ሞዴሉን እና መጠኑን የያዘውን ወረቀት ወይም ካርድ ተቀብላችሁ አስቀምጡ፣ ፎቶም አንሱት። የአንዱ አምራች ብሎን ከሌላው ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ ሌላ ሀኪም ጋ ክራውኑ ላልቶ ስትሄዱ ያ ካርድ ከሌለ እኛም ሀኪሙም በራጅ እያየን የየትኛው ይሆን ስንል ነው የምንውለው።